ጸበል ያልቻለው መኪና

አባቴ ቄስ ናቸው። ቁሐር ሚካኤል ሲቀድሱ ነው ያረጁት። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ከተሸፈኑ ወዲህ ግን ቤተ መቅደስ መግባት ተዉ። የከለከላቸው የለም፤ ራሳቸው ናቸው የተዉት። «ሥጋ ወደሙን ይዤ ብደናቀፍስ?» አሉኝ አንድ ጊዜ። ከዚያ ወዲያ አላነሡትም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ቅዳሴ ሲገባ ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። ካህናቱ የሚሉትን በከንፈራቸው ይከተላሉ። ታላላቆቹን ልጆቼን ያቆረቡልኝ እሳቸው ናቸው፤ ትንሿን ግን አላቆረቧትም። ይህን ቆሞ ማየት ለልጅ ከባድ ነው።

በዐቢይ ጾም መካከል የዓይን ሐኪሞች ባሕር ዳር መጥተው ሞራ እንደሚገፍፉ ተሰማ። አስመዘገብኋቸው፤ ተራም ደረሳቸው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ተራ ደርሷቸው መንገድ ተዘግቶ ቀርተው ነበር። አሁንም ቢያመልጣቸው ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሊሄዱ ነው። አባቴ ብዙ አይናገሩም። ያን ቀን ግን «እግዚአብሔር ከፈቀደ ለፋሲካ እቀድስ ይሆናል» አሉ። እኔ የምኖረው ወረታ ነው። ቤቴ እስክገባ ድረስ ይህችን ቃል ስደጋግማት ሄድሁ።

ለታናሽ ወንድሜ ደወልሁለት። እሱ ባሕር ዳር ሩዝ ይነግዳል።

«እትዬ፣ አውቶቡስ የሚባል ነገር እንዳታስቢ» አለኝ። «አዲስ መኪና ገዝቻለሁ። አባን እንደ ጳጳስ ነው የምወስዳቸው።»

ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔርንም አመሰገንሁ።

ወንድሜ ቀድሞ አሮጌ ሃርድቶፕ ነበረው። በሩ ሲዘጋ ሰፈሩ ይሰማዋል። ወንበሩ ይቆረቁራል። ግን በክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ውኃ ሲሆን፣ እስከ በሩ ወገብ እየጠለቀ ሰው አውጥቶበታል። ሙሽራ ጭኖበታል፤ ምጥ የያዛት ሴት ጭኖበታል፤ አስከሬን ጭኖበታል። ያንን ሽጦ ነው ይህን የገዛው። የሽያጩ ገንዘብ አልበቃ ብሎት ከላይ ብዙ ጨምሯል። የጨመረውን ልክ እዚህ አልጽፍም፤ አፍራለሁ። በስልክ ሲነግረኝ መጀመሪያ ስለ ቤት የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

የቀጠሮው ቀን በማለዳ ደጄ ላይ ቆመ። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስለሆነ ሲመጣ አልሰማሁትም። ጥቁር ነው፤ ፊቴ ይታይበታል። ልገባ በሩን ዳበስሁት፤ እጀታ የለውም። ወንድሜ እየሳቀ ቀረብ ሲል እጀታው ከበሩ ውስጥ ብቅ አለ።

«ምን ብሎ ነው የሚደበቀው?»

«ለነፋሱ ነው። ሲሄድ ነፋስ እንዳይዘው።»

«ነፋስ ከእጀታ ጋር ምን አለው?»

«ግቢ እንግዲህ፣ እትዬ!»

ገባሁ። የማስቲሽ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ከፊቴ እንጨት የሚመስል ነገር ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። በጥፍሬ ነካ አደረግሁት፤ ፕላስቲክ ነው፤ የእንጨት ሥዕል ተለጥፎበታል። የወንበሩ ቆዳ ቆዳ አይደለም። ከጉልበቴ አጠገብ ስፌቱ ተፈትቶ ክሩ ተንጠልጥሏል። በእኔ እንዳይሳበብ ብዬ አልነካሁትም። መሐል ላይ እንደ ቴሌቪዥን ያለ ሰፊ መስታወት አለ። መስኮት ለመክፈትም፣ ነፋስ ለማግባትም፣ መብራት ለማብራትም እሱን መንካት ነው። የጣት አሻራ ሞልቶበት ቅባት እንደነካው እጅ ያብረቀርቃል።

«ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈልህበት የቱ ጋ ነው?» አልሁት።

«የዛሬ መኪና እኮ ኮምፒውተር ማለት ነው።»

«ኮምፒውተር ከፈለግህ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው አይበቃህም ነበር?»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቁሐር ስንደርስ አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። ጥምጣማቸው ታጥቦ ነጥቷል። ጸበል የሞላ ጣሳ በእጃቸው ይዘዋል። በእኛ ዘንድ አዲስ ነገር ሳይባረክ ሥራ አይገባም። አዲስ ቤት ይረጫል፤ የተገዛ በሬ ይረጫል፤ አዲስ የሩዝ መፈልፈያ ሲተከልም ካህን ተጠርቶ ይረጫል። አባቴ ሲረጩ ደግሞ ጠብታ አይወዱም። ጥግ አይቀራቸውም። ካልራሰ ተባረከ አይሉም። አገሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ወንድሜም ያውቃል።

እሱም ለዚሁ ጓጉቶ ነበር። በሮቹን ሁሉ ከፈተ። «አባ፣ ውስጡንም ይርጩልኝ» አለ። ራሱ ነው ያለው።

አባቴ ጸሎታቸውን አድርሰው በእጃቸው እየዳበሱ መኪናውን ዞሩት። ጎማዎቹን ረጩ፤ ፊቱን ረጩ። ከዚያ ወደ ውስጥ ጎንበስ አሉ። ዓይናቸው አላየላቸውም፤ ክንዳቸው ከወንበሩ ጋር ተጋጨና ጣሳው ዘመም አለ። የቀረው ጸበል በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ወረደ። መኪናውን የሚያስነሡትና የሚያቆሙት ቁልፎች የተሰበሰቡት እዚያ ነው።

«ፈሰሰ እንዴ?» አሉ አባቴ።

«ይሁን አባ፣ በረከት ነው» አለ ወንድሜ፤ በመሐረቡም ጠረገው።

ከጣሳው ግማሽ አይሞላም ነበር። ሕፃን ልጅ ያለው ሰው መኪናው ውስጥ ከዚያ የበለጠ ውኃ ይደፋበታል።

ተነሣን። አባቴና እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ወንበሩን ዳበስ አድርገው «ለስላሳ ነው» አሉ። ከዚያ ዳዊታቸውን በቃላቸው ጀመሩ። ጥቂት መንገድ በሰላም ሄድን። የጉማራን ወንዝ እንደተሻገርን ግን መስታወቱ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። አንዳች ነገር ጮኸ። ቀጥሎ የሴት ድምፅ በማናውቀው ቋንቋ መናገር ጀመረ።

አባቴ ጸሎታቸውን አቁመው «ማን ናት?» አሉ።

«መኪናው ነው፣ አባ።»

«ምን ትላለች?»

«እንጃ።»

የወንድሜ ወንበር በራሱ ጊዜ ወደ ፊት ይገፋ ጀመር። ደረቱን ከመሪው ጋር አጣበቀው። ነፋስ የሚመጣበት ቀዳዳ ትኩስ አየር ይተፋብናል። ወንድሜ እንደ ምንም ወደ ዳር አወጣውና ቆመ። ወዲያው ሁሉም ነገር ጠፋ፤ ድምፁም፣ መብራቱም፣ ነፋሱም። በሮቹ አልከፈት አሉ። መስኮቶቹም አልወርድ አሉ።

የመጋቢት ፀሐይ ነው። ሜዳው ላይ አንድ ጥላ የለም። ጥቁሩ ብረት ይግላል፤ የማስቲሹ ሽታ እንደ አዲስ ተነሣ። አባቴ ጾመኛ ናቸው፤ ከግንባራቸው ላብ ይወርዳል። እጃቸው በሩን ይዳብሳል፤ የሚይዘው ነገር አያገኝም። እኔ የማስበው ስለ ሐኪሞቹ ብቻ ነበር።

ወንድሜ መኪናውን ወደ ሸጠለት ሰው አዲስ አበባ ደወለ። ሁላችንም እንሰማ ነበር።

«ምን ነክቶት ነው?» አለ ሰውየው።

«ትንሽ ጸበል ፈስሶበት ነበር።»

«ፈሳሽ ነው?» አለ ሰውየው።

«ጸበል ነው እኮ፣ ወንድሜ።»

«ፈሳሽ ከገባበት ዋስትናው አይሸፍነውም።»

አባቴ ቀና አሉ። «ፈሳሽ አለው? ጸበሉን ፈሳሽ አለው?»

«አባ፣ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ…»

«ቆይ፣ ጠይቅልኝ። ዝናብስ ይችላል?»

ወንድሜ ጠየቀ። ሰውየው ሲመልስ አላፈረም፤ «በውጭ በኩል ይችላል» አለ።

ከዚያ መውጫውን ይነግረው ጀመር። ከፊተኛው በር በታች ትንሽ ክዳን አለች፤ ክዳኗ ሲነሣ ገመድ ይገኛል፤ ገመዱ ሲሳብ በሩ ይከፈታል። ወንድሜ ክዳኗን ሲያነሣት እጁ ላይ ተሰበረች። በጣቱ ቆፍሮ ገመዱን አገኘውና በሩ ተከፈተ። አየር ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ።

«የኋላውስ?» አለ ወንድሜ።

«የኋላው የለውም።»

ይህን ቃል እስካሁን አልረሳሁትም። በእኛ አገር ከኋላ የሚቀመጠው ማን ነው? ሕፃን ነው፤ ሽማግሌ ነው፤ በሽተኛ ነው፤ ታላቅ እንግዳ ነው። ለነጂው መውጫ ሠርተው ለነሱ አልሠሩም። ያውም የአገር ሀብት በሚከፈልበት ዕቃ ላይ!

ከውጭም እጀታው ብቅ አላለም፤ አባቴ በሁለቱ ወንበሮች መካከል መውጣት ነበረባቸው። ወንድሜ ከፊት እጃቸውን ይዞ፣ እኔ ከኋላ ወገባቸውን ደግፌ፣ ቀስ በቀስ አንፏቀቅናቸው። ቀሚሳቸው አንድ ነገር ይዞት ተተረተረ። ቅልጥማቸው ተላጠ። ጥምጣማቸው ወደቀ። በሕይወቴ አባቴን ራሳቸውን ገልጠው አይቻቸው አላውቅም። አገር ቆሞ የሚሳለማቸው ካህን እንደ ሕፃን በአራት እግራቸው ሲድሁ አየሁ። ነጠላዬን አውልቄ ራሳቸውን ሸፈንሁላቸው።

እኔ ተከትዬ ስወጣ እግሬ ያን እንጨት መሳዩን ገፋው፤ ሙልጭ ብሎ ተላቀቀ። ከሥሩ የእንቁላል መያዣ የመሰለ ካርቶንና የደረቀ ሙጫ ነው ያለው። ትኩር ብዬ አየሁት። መንገዱ ዳር ወጥቼ ተፋሁ።

እኔ መኪና አላውቅም። የምናገረው ስለሚነካ ነገር ነው። አባቴ የሚጸልዩበት ዳዊት ከመምህራቸው የተረከቡት ነው። ገበታው እንጨት ነው፤ ቆዳው ቆዳ ነው። ዝናብ መቶታል፤ የሻማ ሰም ፈስሶበታል፤ ልጆች ጥለውታል። በፊት ሰው ለውድ ነገር ገንዘቡን የሚያወጣው እንዲህ ያለውን ሊገዛ ነበር፤ ልጁ እንዲወርሰው። አሁን ግን ገንዘቡ የሚሄደው ለሚያበራውና ለሚያብረቀርቀው ነው። እጅ የሚነካውን ክፍል በማስቲሽ አጣብቀው ይሰጡታል። የሚያስጠላኝ ደግሞ መክፋቱ ብቻ አይደለም። ርካሽ ነገር ቢከፋ ማንም አይቀየምም። ይህ ግን እንጨት ሳይሆን እንጨት ነኝ ይላል፤ ቆዳ ሳይሆን ቆዳ ነኝ ይላል።

መንገድ ዳር ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች ወደ እኛ መጡ። አባቴን አውቀው መስቀል ተሳለሙ።

«ምን ሆኖ ነው፣ አባ?» አለች አንዷ።

«ጸበል ፈስሶበት።»

«ጸበል ሲነካው ቆመ?»

«መጀመሪያ ጮኸ» አልኋት።

«ውይ! ሰይጣን አድሮበት ነዋ! ጸበል ነክቶት የሚጮህ ሌላ ምን አለ? ይጨመርለት፣ አባ፤ ለፍልፎ ይወጣል!»

ሴቶቹ ሳቁ። አባቴ እንኳ ፈገግ አሉ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ።

ከወረታ የተፈለፈለ ሩዝ የጫነ የጭነት መኪና ሲመጣ እጄን አውለበለብሁለት። ሹፌሩ ጎልማሳ ነው። ወርዶ ጥቁሩን መኪና ዞረው።

«ይህን የመሰለ ንጉሥ ይዛችሁ የኔን ቅራቅንቦ ትለምናላችሁ?» አለ።

ወንድሜ የሆነውን ነገረው። ሹፌሩ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ አባቴን ደግፎ ወደ ጋቢና እያወጣ «አባ፣ ይባርኩኝ» አለ። «ግን ሞተሬን አይርጩብኝ፤ ልጆች አሉኝ።»

«ያንተማ ይችላል» አሉ አባቴ።

እውነት ለመናገር የዚያም መኪና በር ከውስጥ አይከፈትም። ሹፌሩ በመስኮት እጁን አውጥቶ ነው ከውጭ የሚከፍተው። ወንበሩ ተቦጭቆ ማዳበሪያ ጆንያ ተነጥፎበታል። ግን መስኮቱ ይወርዳል፤ ነፋስ ይገባል። ሹፌሩም አንድ ቀን ውድ ነው ብሎ አላወራበትም። ወንድሜ መኪናውን እየጠበቀ ቀረ። ሐሙሲትን ስናልፍ አባቴ ያቆሙትን ዳዊት ቀጠሉ።

ሐኪም ቤቱ ስንደርስ የዕለቱ ሥራ ተፈጽሟል። በሩ ላይ ያለው ሰው «አልቋል፣ እናቴ» አለኝ። የሆነውን ነገርሁት። አባቴን አያቸው፤ የተቀደደውን ቀሚሳቸውን፣ በኔ ነጠላ የተሸፈነውን ራሳቸውን። ገብቶ ተመልሶ መጣ። «ነገ የመጨረሻ ቀናቸው ነው። ማልዳችሁ ኑ፤ አንዱን ዓይን እንሠራላቸዋለን ብለዋል» አለ። የዚያን ሰው ስም አላውቀውም። እግዚአብሔር ያውቀዋል።

በማግስቱ ቀኝ ዓይናቸውን ሠሩላቸው። ፋሻው ሲነሣ እኔ ከፊታቸው ነበርሁ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አርጅተሻል፣ ልጄ» አሉ።

ሳቅሁ፤ አለቀስሁም።

ወንድሜ መጣ። መኪናውን አስጎትቶ ባሕር ዳር አንድ ጋራዥ አስገብቶታል። ሜካኒኩ የሚፈታውን እንደማያውቅ ነግሮታል፤ የተበላሸው ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪላክ መጠበቅ ነው። አባቴ እጃቸውን ሊታጠቡ ገባ ሲሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ያ ጸበል ባይፈስ ኖሮ…» አለኝ።

ከሁሉም ይህ አስጠላኝ። ከካርቶኑም ከሙጫውም ይበልጥ። ለገዛው ዕቃ ጠበቃ ቆሞ የአባቱን እጅ ሊወቅስ!

«ጨርሰው» አልሁት። «እሳቸው ሲመጡ በፊታቸው ጨርሰው።»

አልጨረሰውም። አንገቱን ደፋ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ያን ያህል ከፍሎ ተታለልሁ ማለት ከብዶት ነው።

አባቴ ሲመለሱ «እስቲ መኪናውን ልየው» አሉ። «ሳላየው ነው የባረክሁት።»

በባጃጅ ወሰድናቸው። ጋራዡ ውስጥ ጥቁሩ መኪና አቧራ ለብሶ ቆሟል። አባቴ በአንድ ዓይናቸው ከፊት እስከ ኋላ አዩት። አቧራውን በመዳፋቸው ጠረግ አድርገው የገዛ መልካቸውን አዩበት።

«አምሮ የለም እንዴ!» አሉ።

የወንድሜ ፊት በራ። «ሲጠገን በዚሁ ነው ቁሐር የማደርስዎ፣ አባ።»

«አማረ አልሁ እንጂ እቀመጥበታለሁ አላልሁም» አሉት።

በሆሳዕና ጠዋት አባቴ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ከካህናቱ ጋር መቅደስ ገቡ። እስከ ፋሲካ አልቆዩም። ለቁርባን ሲወጡ ትንሿን ልጄን አቅፌ ቀረብሁ። በእጃቸው አቆረቧት፤ አፏን በነጠላ ሸፈንሁላት። ያን ጊዜ የተሰማኝን መጻፍ አልችልም፤ አልሞክረውምም።

ከቅዳሴ በኋላ ከነዘንባባችን በእግር ወደ አባቴ ቤት ሄድን። ወንድሜ በአውቶቡስ ነበር የመጣው፤ ጫማው አቧራ ነው። መንገድ ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ጋራዡ ነው፤ የሚሉት ለእኔም ይሰማል። ዕቃው መጥቶ ተገጥሟል፤ አሁን ደግሞ የኋላው በር አልዘጋ ብሏል። ወንድሜ እስከ መጨረሻው ሰማና ስልኩን ኪሱ ከተተው። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ቀኑ ሆሳዕና ነው። አባቴ ከፊታችን ሆነው ሽንኩርት የተተከለበት ማሳ ዳር ቆመዋል።

«ቅጠሉ ወድቋል፤ ደርሷል» አሉ። «ይህ የማን ማሳ ነው? እንዲህ የቀረበ አይመስለኝም ነበር።»

ወንድሜ ሄዶ አጠገባቸው ቆመና የባለማሳውን ስም ነገራቸው።